መሶብ ውስጥ የተደበቀው ባትሪ

ሐምሌ 2017 አጋማሽ ላይ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውሃ ጠምቶኝ ነቃሁ። የፍሪጁ ድምፅ የለም። ፍሪጅ ድምፅ እንዳለው የሚታወቀው ዝም ሲል ነው፤ ስለዚህ ዓይኔን ሳልገልጥ መብራት እንደሄደ ገባኝ። ትራሴ ሥር ዳብሼ ስልኬን አገኘሁት። አራት ፐርሰንት ቀርቶታል። አሳዘነኝና ትቼው ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ወደ ሳሎን ወጣሁ።

ሳሎን ውስጥ መሶቡ ይበራል።

ቀልዴን አይደለም። እናቴ ከመሐል ሜዳ ያመጣችልኝ፣ እኔ ጥግ ላይ ለጌጥ ያስቀመጥኩት መሶብ፣ በክዳኑ ዙሪያ ብርሃን ይሾልክበታል። ቶሎ ቶሎ ሦስት ጊዜ ብልጭ ይላል። ከዚያ ረዘም ረዘም እያለ ሦስት ጊዜ። ከዚያ እንደገና ቶሎ ቶሎ ሦስት ጊዜ። ትንሽ ያርፍና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

“በስመ አብ!” አልኩ።

“አትደንግጪ፣ እኔ ነኝ” አለች እማዬ ከጨለማው ውስጥ።

ሶፋው ጫፍ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ፣ እግሯን ሰብስባ ተቀምጣለች።

“ምንድን ነው እማዬ?”

“ባትሪያችሁን ሳላበላሸው አልቀረሁም። ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ አበራሁት፤ ዓይኔን አጠፋው። ላጥፋው ብዬ ስጫነው ሌላ ይሆናል። ደግሜ ስጫነው ሌላ። በመጨረሻ እንዲህ ማበድ ጀመረ። ሕፃኗን እንዳይቀሰቅስብኝ በነጠላ ጠቅልዬ እዚያ ከተትኩት። ሲደክመው ይጠፋል።”

“ታዲያ ሽንት ቤት ሄድሽ?”

“ሊነጋ ምን ቀረው” አለች።

ይህች መልስ ናት ከዚያ ሌሊት ወዲህ አልለቅ ያለችኝ።

መሶቡን ከፈትኩት። ነጠላው ሞቋል። ጠንካራ ኤልኢዲ ከፊት ሲያበራ ከኋላው ያለው ብረት ይግላል፤ ጨርቅ ውስጥ ሲታፈን ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ያን ጊዜ አላሰብኩትም፤ አሁን ሳስበው ነው ሰውነቴን የሚወርረኝ። ባትሪውን አጠፋሁት፣ እንደገና አብርቼ እማዬን ሽንት ቤት አደረስኳት፣ መልሼ አስተኛኋት። ለምን አልቀሰቀስሽኝም ስላት “ደክሞሽ ተኝተሽ” አለችኝ። ጨለማ ለእሷ አዲስ ነገር እንዳልሆነም ጨመረችልኝ።

ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር ብልጭታ ምን እንደሆነ ያወቅሁት በማግሥቱ ነው። ኤስኦኤስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1906 በርሊን ላይ በተደረገ ስምምነት ለመርከቦች የተወሰነ የ“ድረሱልኝ” ምልክት ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ወደብ በሌለው አገር፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባትሪው መሶብ ውስጥ ሆኖ “ድረሱልኝ” እያለ ይጮኻል። እናቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ ማንንም ላለመቀስቀስ ትንፋሿን ይዛለች።

ጠዋት ቡና ላይ ራሷ ሳቀችበት። “መብራት አብርቶ ከእንቅብ በታች የሚያኖር የለም ይላል መጽሐፉ። እኔ አኖርኩት” አለች። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ከልቤ አልሳቅሁም።

እስከ ባቡሩ የሚደርሰው

ያ ባትሪ የቤታችን ኩራት ነው። በ2016 ክረምት የገዛነው ባለቤቴ ደረጃ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው። የፎቅ ኑሮ እንደሚታወቀው መብራት ሲሄድ የውሃው ፓምፕም አብሮ ይሄዳል። በሁለት እጁ ጀሪካን ይዞ፣ ስልኩን በጥርሱ ነክሶ ሲወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አዳለጠው። ጉልበቱ ዳነ፤ ስልኩ ግን አልዳነም። በማግሥቱ መርካቶ ሄደን “ኃይለኛ ባትሪ” አልን። ሻጩ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ በቀን ብርሃን ማዶ ያለ ፎቅ አናት ላይ አበራልን። ማን ይችለዋል? ከፍለን ወጣን።

ከበረንዳችን ሲበራ ማዶ ያለውን ብሎክ እንደ ቀን ያደርገዋል። እስከ ባቡሩ መስመር ይደርሳል። አንድ ማታ ባለቤቴ ለልጃችን ሊያሳያት ሲያበራ ማዶ ያሉ ሰዎች መስኮት ከፍተው ተሳደቡ። እኛ ደግሞ በስድቡ ኮራን።

ችግሩ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው መሆኑ ነው። አምስት ዓይነት ብርሃን እዚያች አንዲት ቁልፍ ውስጥ ታጭቋል፦ ሙሉ፣ መካከለኛ፣ ደብዛዛ፣ ብልጭ ድርግም እና ያ የመርከብ ጩኸት። ጠበቅ አድርጎ የተጫናት ያጠፋታል። ለስለስ አድርጎ የነካት ወደሚቀጥለው ያልፋል። የሰባ አንድ ዓመት ሴት ጣት፣ ያውም ሰው ቤት ያለ ዕቃ ላይ፣ ለስለስ ብሎ ነው የሚነካው። እማዬ ዕቃውን ባከበረችው ቁጥር እሱ አበደባት ማለት ነው።

በቤቱ ውስጥ አምስቱንም የምታውቀው የስምንት ዓመቷ ልጄ ናት። ስልጠናውን ለአያቷ እንድትሰጥ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። እማዬ በትዕግሥት ሰማች፤ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ከዚያ ባትሪውን እንደ ትኩስ ድንች ሳይሆን እንደ ሰው ልጅ ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀን በኋላ አልነካችውም።

ዝናብ የመታው መስታወት

ዓይኗን አጠፋው ያለችውን መጀመሪያ ላይ እንደ አነጋገር ነበር የወሰድኩት። እማዬ አዲስ አበባ የመጣችው ለዓይኗ ነው። ሁለቱም ላይ ሞራ አለ፤ የኦፕራሲዮን ተራዋን እየጠበቀች ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ነገሩን ለሐኪሟ አጫወትኳት። አልሳቀችም።

ያስረዳችኝን በራሴ አማርኛ ልበለው። ዝናብ የመታው የታክሲ መስታወት ላይ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መንገዱ ይጠፋና መስታወቱ በሙሉ ነጭ ይሆናል። ሞራ ያለበት ዓይን ያ መስታወት ነው። ብርሃኑ ሲገባ በየአቅጣጫው ይበተናል። ብርሃኑ በጠነከረ ቁጥር የሚታየው ያንሳል። ነጭና ሰማያዊ ቅልቅል የሆነ ብርሃን ደግሞ ይብሳል፤ አብዛኛው ርካሽ ኤልኢዲ ያን ዓይነት ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያጣምመው ሌላው ነው። ሞራ ባይኖርም እንኳ ዓይን ሲያረጅ ብርሃን ይርበዋል። የስድሳ ዓመት ሰው ዓይን ውስጠኛው ክፍል ላይ የሚደርሰው ብርሃን ከሃያ ዓመት ወጣት ጋር ሲነጻጸር ሲሶውን ያህል ነው። እንግዲህ እናቴ ከእኔ የበለጠ ብርሃን ያስፈልጋታል፤ ግን ብርሃኑ ሊወጋት አይገባም። እኔ “ኃይለኛ” የሚለውን ቃል ብቻ ይዤ ነው መርካቶ የወረድኩት።

ደግሞ ሌሊት ነው። ዓይን ጨለማውን ሙሉ በሙሉ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። ተኝቶ የነቃ ሰው ዓይን ለምዶ ጨርሷል፤ ከመስኮት የምትገባ ትንሽ ብርሃን ትበቃዋለች። በዚያ ላይ የእኛን ጉድ ሲያበሩበት ያ ሁሉ ልምድ በአንዴ ይፈርሳል። ባትሪው ሲጠፋ ከመጀመሪያው የባሰ ጨለማ ይቀራል። እማዬ ባትሪውን መሶብ ውስጥ ከታ ሶፋው ላይ የቀረችው ለዚህም ይመስለኛል። አሥር እርምጃ የማይሞላውን መንገድ ያጠፋባት ያበራችው ባትሪ ነው።

የብርሃን መጠን የሚለካው በሉመን ነው። አንዲት ሻማ አሥራ ሁለት ሉመን ገደማ ትሰጣለች። ከመኝታ ቤት ሽንት ቤት ለመሄድ የአንድ ሁለት ሻማ ያህል ከበቂ በላይ ነው። የእኛ ባትሪ ካርቶን ላይ በመቶ ሺህ ቤት የሆነ ቁጥር ተጽፎበታል። ውሸት ነው፤ በእጅ የሚያዝ እንዲህ ያለ ትንሽ ዕቃ ያን ያህል ሊያወጣ አይችልም። እውነተኛው ጥቂት መቶ ቢሆን ነው። ቢሆንም ለእማዬ ዓይን እሱም በዝቷል።

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት

ሁለተኛ ባትሪ እንግዛ ስል ባለቤቴ ሳቀ። መስከረም ላይ ነበርን። “ግድቡ ከተመረቀ ሳምንት አልሞላውም፣ አንቺ ባትሪ ትገዢያለሽ?” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን ሁላችንም ቴሌቪዥን ላይ ተተክለን ነው የዋልነው። 5,150 ሜጋ ዋት። እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ኃይል ማመንጨትና ኃይሉን አራተኛ ፎቅ ማድረስ ሁለት ሥራ ነው። በመሐል ሽቦ አለ፣ ምሰሶ አለ፣ ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር የሚደነብር የሰፈር ትራንስፎርመር አለ።

“ከሆነም ያንኑ ዓይነት ድገሚው” አለኝ። እዚህ ላይ ነው የተለያየነው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ ልክ ነው። ግን ሁለተኛው የመጀመሪያው መንታ ከሆነ እንቅልፍ አሁንም የለም። መንትዮች በአንድ በሽታ ነው የሚታመሙት። መብራት ጠፍቶ ሁለት ቀን ቢቆይ ሁለቱም ቻርጅ ይጨርሳሉ። ለእማዬ ሁለቱም ያብዱባታል። ልጄ ሁለቱንም ትወስዳቸዋለች። ሁለተኛው የመጀመሪያው በሚከሽፍበት ቦታ የማይከሽፍ መሆን አለበት። ይህን ለራሴ ስለው በጣም ቀላል መሰለኝ፤ ሆኖም እዚህ ለመድረስ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

በሁለቱ ወር ውስጥ ያልተመኘሁት ዕቃ የለም። ሻማውን ወዲያው ተውኩት፤ ነጠላና ሻማ አንድ ላይ አይሄዱም። መብራት ሲሄድ ራሱ የሚበራው አምፖል ደህና መስሎኝ ነበር፤ አንዱን ገዝቼ ኮሪደር ላይ ሰቀልኩት። ለካ ማብሪያ ማጥፊያው ካልበራ እሱም አይበራም። እማዬ ደግሞ ከመተኛቷ በፊት የቤቱን ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉ እየዞረች የምታጠፋ ሴት ናት። ቆጣሪው የእሷ ይመስል! አምፖሉ ሙሉ ቻርጅ ይዞ ጨለማ ውስጥ ተሰቅሎ ያድራል።

የግንባር ባትሪም ከጓደኛዬ ተውሼ ሞክሬያለሁ። ለጀሪካን የሚያህለው የለም፣ ሁለቱም እጅ ነፃ ነው። ግን ሰው ሲያናግሩ ፊት ይዞራል፤ ፊት ሲዞር ብርሃኑም ይዞራል። እማዬ “ምን አልሽ?” ስትለኝ ዘወር አልኩና ዓይኗን በእጇ ስትጋርድ አየሁ። የዚያኑ ቀን መለስኩት።

ስልክ አለ አይደል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አለ፤ አራት ፐርሰንት።

ደካማውን ስጠኝ

አንድ ቅዳሜ ከልደታ በእግሬ ተነስቼ በተክለሃይማኖት አድርጌ ወደ መርካቶ ወጣሁ። መንገዱ ዳር ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች አንዱ ገባሁ። ልጁ ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው፤ ገና ባትሪ ስለው ሦስት ደረደረልኝ። “ይኼ ጎተራ ይደርሳል” አለኝ አንዱን እያበራ።

“ደካማው የቱ ነው?” አልኩት።

“ማለት?”

“ደካማ ብርሃን ያለው። በጣም ደካማ።”

ግራ ተጋባ። “እህቴ፣ ሰው ሁሉ ጠንካራ ነው የሚለኝ። ለምንድን ነው?”

“ለእናቴ።”

“እሷ ደካማ ትፈልጋለች?” ብሎ ጓደኛውን አየው።

ያኔ ደረደርኩለት፤ መሶቡንም ነገርኩት። ጓደኛው መደርደሪያው ላይ ተደግፎ እስኪያለቅስ ሳቀ። ልጁ ግን እየሰማ ነበር። እስኪያስብ ድረስ ፊት ለፊቴ ያሉትን ማገላበጥ ያዝኩ። አንዱ ቻርጅ የሚደረገው ባትሪው ወጥቶ ለብቻው ተቀምጧል፤ 18650 የሚሉት ነው። ቁጥሩ የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ መጠኑን ነው የሚናገረው፦ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65። ጎኑ ላይ የሚይዘው ቻርጅ 9900 ሚሊ አምፒር አወር ተብሎ ተጽፏል። የዚህ መጠን ደህና የሚባለው ባትሪ 3500 ገደማ ነው የሚይዘው። በእጄ መዘንኩት፤ ቅልል ይላል። ደህናው ከ45 ግራም አይርቅም። እንዲህ ያሉት ሲከፈቱ ውስጣቸው ትንሽ ባትሪ ተቀምጦ የቀረው ዱቄት ተሞልቶ የተገኘበት ጊዜ አለ።

“ይኼ 9900 እውነት ነው?” አልኩት።

“እኔ አልጻፍኩትም” አለኝ። እንዲህ ያለ ሻጭ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ከኋላ መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ካርቶን አውርዶ አንዲት ሰማያዊ የፕላስቲክ ባትሪ አወጣ። ሁለት የጣት ድንጋይ የምትበላ። ጫፏ ላይ ማንጠልጠያ ገመድ አላት። ቁልፏ የምትጫን አይደለችም፤ የምትገፋ ናት። ወደ ፊት ሲገፏት ትበራለች፣ ወደ ኋላ ሲመልሷት ትጠፋለች፣ አለቀ። “ይቺን ማንም አይገዛኝም፤ መጫወቻ ትመስላለች” አለኝ።

እዚያው ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። በአውራ ጣቴ ገፋኋት፣ መለስኳት። ገፋኋት፣ መለስኳት። ዓይን ሳይኖር በጣት ብቻ መብራቷና መጥፋቷ ይታወቃል። ስገልጥ ሁለቱም ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ሌላ ደንበኛም ገብቶ ቆሟል።

350 አለኝ፤ 300 ላይ ተስማማን።

ድንጋዩን ለብቻው ገዛሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ላዩ ላይ “ሱፐር ሄቪ ዱቲ” የሚል ድንጋይ ስሙ ከባድ ይመስላል እንጂ ርካሹና ደካማው ዓይነት ነው። የውጭ ቆርቆሮው ራሱ ዚንክ ነው፤ ድንጋዩ በሠራ ቁጥር ቆርቆሮው ይበላል፣ ይሳሳል፣ በመጨረሻ ይፈስና ባትሪውን ያበሰብሰዋል። አልካላይን የሚለው ዋጋው ከፍ ቢልም ዕድሜው በብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ሳይነካ ተቀምጦም ዓመታት ይቆያል። እሱም ቢሆን ሞቶ ከተረሳ ይፈሳል። ግን ከታች ያለው ባለሱቅ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት የሚሸጠው ነገር ነው። ለመሙላት መብራት እስኪመጣ አይጠበቅም። ቻርጅ የሚደረገው ባትሪያችን የሚከሽፈው ሁለተኛው ቀን ላይ ነው፤ ይቺ ያን ጊዜ ገና ትጀምራለች።

በነገራችን ላይ የእኛ አማርኛ በዚህ ነገር ደስ ይለኛል። ፈረንጆቹ ዕቃውን በብልጭታ ነው የሰየሙት፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ኒው ዮርክ ውስጥ ዴቪድ ሚሴል የሚባል ሰው የፈጠራ መብት ሲያወጣበት፣ የዚያን ጊዜው ድንጋይ ደካማ ስለነበር ብልጭ አድርጎ ማሳረፍ ግድ ነበር። እኛ ደግሞ ዕቃውን በሆዱ ባለው ነገር “ባትሪ” አልነው። ሆዱ ውስጥ ያለውንስ? ድንጋይ።

ምስማር

ቤት ስገባ ብርሃኗ አሁንም ትንሽ ነጣ አለብኝ። ከልጄ ጋር ሆነን ከቢጫ ፌስታል ክብ ቆርጠን ከመስታወቷ ሥር አስገባን። ደካማ ስለሆነች ፌስታሉን የሚያቀልጥ ሙቀት የላትም። ግድግዳው ላይ ስትበራ ኩራዝ የመሰለ ብርሃን ሆነ። እማዬ አየችው። “ይኼ ብርሃን ነው” አለች፤ ሌላ አላለችም።

የአልጋዋ ራስጌ ኮመዲኖ ላይ አስቀመጥኩላት። በማግሥቱ የለችም፤ ልጄ ወስዳት ብርድ ልብስ ሥር ድንኳን ሠርታበታለች። መሳቢያ ውስጥ አስገባኋት። በሦስተኛው ቀን ከመሳቢያው ዕቃ ጋር ተቀላቅላ እኔም አጣኋት።

“ልጄ” አለች እማዬ፣ ስፈልግ እያየችኝ። “ባትሪ ቦታው ምስማር ነው።”

ከዚያ ትዝ አለኝ። አባዬ አስተማሪ ነበር፤ ሦስት ድንጋይ የምትበላ ረጅም የብረት ባትሪ ነበረችው። ከበሩ ጀርባ በስተቀኝ ምስማር ላይ ነው የምትሰቀለው። ሌላ ቦታ አይቻት አላውቅም። ድንጋዩ ሲደክም አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ሲብስ በጥርሳችን ነከስ ነከስ እናደርገዋለን፤ ትንሽ ይነቃል። ማታ ጅብ ሲጮህ፣ ከብት ሲደነብር፣ ጎረቤት ምጥ ሲይዛት፣ አባዬ እጁን ሲዘረጋ ምስማሯ ላይ ናት። እማዬ ያቺን ምስማር ሃምሳ ዓመት ሙሉ በጨለማ ስትዳስስ ኖራ የእኔ ቤት መጣች። እኔ ቤት ባትሪው አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ ሥር፣ አንድ ቀን ባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ፣ አንድ ቀን ኩሽና ነው። ያን ሌሊት መጀመሪያ ባትሪውን ፍለጋ ስንት ደቂቃ እንደዳበሰች ጠይቄያት አላውቅም።

ባለቤቴ መዶሻ አመጣ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ቀላል አይደለም፤ ምስማሩ ልስኑን ያልፍና ብሎኬቱ ላይ ሲደርስ ይታጠፋል። ሦስት አጠፍን። በመጨረሻ የሦስተኛ ፎቁ ጎረቤታችን ድሪል ይዞ መጣ። “የት ልብሳው?” ሲል እኔ ከፍ አድርጌ፣ ልጄ የማትደርስበት ቦታ ላይ አሳየሁት።

“ቆይ” አለች እማዬ። አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። ወደ ግድግዳው ዞረች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ዝግ ብላ እጇን ዘረጋች። ጣቷ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ “እዚህ” አለች። ጎረቤታችን በእርሳስ ምልክት አደረገ።

ማንጠልጠያው ላይ ከፈትልዋ ነጭ ጥጥ ቆንጥራ አሰረችበት፤ በጨለማም ይታየኛል ብላ። ልጄን ደግሞ አስጠራቻትና “ይቺ የእኔ ናት፣ ያኛው የእናንተ ነው” አለቻት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካትም። የእኔ ቁጣ ስድስት ወር ያልሠራውን ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሠራችው።

ኃይለኛውን አልጣልነውም። ደረጃው ላይ፣ ለጀሪካኑ፣ ቆጣሪው ሲፈነዳ ለማየት እሱ ነው። ሳሎን ውስጥ ስንቀመጥ ደግሞ ወደ ኮርኒሱ አዙረን እናቆመዋለን፤ ወይ አናቱ ላይ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ደፍተን እናስቀምጥበታለን፤ ብርሃኑ ተበትኖ ማንንም ሳይወጋ ቤቱን ይሞላዋል። ጓዳ ያለውን የእማዬን ግን አይተካም።

ምስማሩ ከተመታ በኋላ መብራት ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሌሊት እንኳ አልጠፋም። ባለቤቴ በየማታው “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” እያለ ይቀልድብኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በጥቅምት አንድ ሌሊት ነቃሁ። ከእማዬ ክፍል ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በበራችን ሥር ቢጫ ብርሃን ቀስ ብሎ አለፈ። የሽንት ቤቱ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። ውሃ ፈሰሰ። ቢጫው ብርሃን ተመለሰ። ጠቅ። ከዚያ ፕላስቲክ ግድግዳ ነካ፤ ምስማሯ ላይ ተሰቀለች።

ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማየት ስልኬን ላነሳ ስል ጆሮዬን አቀናሁ። ፍሪጁ ያንጎራጉራል። መብራት አልሄደም ነበር።